መሳቢያ ውስጥ የቀረ ቁጣ



ዛሬ በዚህ ዓምድ ታሪኩን ላወጋችሁ የፈለግሁት ሰው ሙስሊም አይደለም። የኢስላም ወዳጅ ነበር ለማለትም አልደፍርም፤ እንዲያውም በወጣትነቱ በሙስሊሞች ላይ ብዙ ያላገጠ ሰው ነው። ታዲያ ስለ እሱ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያነብልኝ ዘንድ እለምናለሁ። ሰውየው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን ነው። የራሴን ጉዳይ ከማነሳበት ቦታ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ሰው ያወቅሁት ተማሪ ሳለሁ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን የቶም ሶየርን ታሪክ ሲያነቡልን፣ አጥር ቀብተህ ጨርስ የተባለው ተንኮለኛ ልጅ ሥራውን እንደ ትልቅ ዕድል አስመስሎ ጓደኞቹን ሲያስቀባ፣ ክፍሉ በሳቅ ያብድ ነበር። ለብዙ ዓመታት በአእምሮዬ የቀረው ማርክ ትዌይን ይኸው ነው፤ ነጭ ልብስ ለባሽ፣ ጺመ ትልቅ፣ ሰው አሳቂ ሽማግሌ። በመንግሥቱ፣ በጦርነቱና በአገሩ ፖለቲከኞች አስመሳይነት እየተቆጣ ሄዶ የሞተ ዜጋ መሆኑን የተረዳሁት ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። በሩቅ የሱሉ ደሴቶች ለተጨፈጨፉ ሙስሊሞች እንደተቆጣ ያወቅሁትም ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የእሱን ነገር ሳስብ የራሴም ነገር ትዝ ይለኛል። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ባርነትን የሚባርክ ስብከት

ማርክ ትዌይን የብዕር ስሙ ነው። የተወለደው በ1835 በሚዙሪ ክፍለ ሀገር ሲሆን እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሳሙኤል ክሌመንስ ነው። ያደገው በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኝ ሃኒባል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሚዙሪ ያኔ ሰው እንደ ከብት የሚሸጥበትና የሚለወጥበት አገር ነበር፤ የእሱም ቤተሰብ ባሪያ ነበረው። በልጅነቱ አንድ ጥቁር ባሪያ በጥቃቅን ጥፋት ምክንያት ጌታው በወረወረበት የብረት ድንጋይ ተመትቶ ሲሞት አይቷል። በአደባባይ የሚሰበከው ደግሞ ባርነት እግዚአብሔር የፈቀደው ሥርዓት ነው የሚል ነበር። ልጁ የሰማውን አመነ። በዙሪያው የነበረ ሰው ሁሉ ያመነውን አንድ ሕፃን እንዴት ይጠራጠር?

አባቱ ሲሞት ገና አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ማተሚያ ቤት ገብቶ ፊደል ለቃሚ ሆነ፤ ከዚያም በሚሲሲፒ ላይ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ መምራት ተማረና በ1859 ፈቃድ አገኘ። የብዕር ስሙንም ያገኘው ከዚያው ሥራ ነው፤ መርከበኞች የወንዙን ጥልቀት ለክተው ለመርከቡ መተላለፊያ የሚበቃ ውኃ መኖሩን የሚያስታውቁበት ጥሪ ነበር። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ለባሪያ ፈንጋዮቹ ወገን ከቆመ አንድ የገጠር ጭፍራ ጋር ተቀላቀለ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጥሎ ሄደና ከወንድሙ ጋር ወደ ኔቫዳ ተሰደደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለዚህ ሲጽፍ ራሱን ጀግና አላደረገም፤ ለምን እንደሚዋጋ እንኳ የማያውቅ ወጣት እንደነበር ነው የጻፈው።

በ1867 በመርከብ ተሳፍሮ ወደ አውሮፓ፣ ወደ ኢስታንቡልና ወደ ፍልስጤም መጣ። ከዚያ ጉዞ የወጣው መጽሐፍ በአሜሪካ እጅግ ተወደደ። እኛን ግን የሚያስከፋ ነው። ስለ ቱርኩም ሆነ ስለ ዐረቡ የጻፈው በንቀትና በፌዝ የተሞላ ነው። ይህን የምነግራችሁ የሰውየውን ምስል አሳምሬ ላቀርብላችሁ ስላልፈለግሁ ነው። ሰው ካደገበት ማኅበረሰብ ጥላቻን ከወተት ጋር ይጠጣል። ቁም ነገሩ የጠጣውን ይዞ ይሞታል ወይስ አይሞትም የሚለው ነው።

ይህኛው አልሞተበትም። በ1870 ያገባት ኦሊቪያ ባርነትን ከሚቃወም ቤተሰብ የመጣች ነበረች። በ1880ዎቹ አጋማሽ ያሳተመው የሃክልቤሪ ፊን ታሪክ፣ ከጌታው ያመለጠን ባሪያ የደበቀ ልጅ ኅሊናው ከተማረው ስብከት ጋር ሲጋጭበት የሚያሳይ ነው። ያ ልጅ በከፊል ራሱ ደራሲው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዕዳው ያሳየው ዓለም

ማርክ ትዌይን ገንዘብ የሚወድ ሰው ነበር። ፊደል የሚለቅም መኪና ሊሠራ በተነሳ ፈጠራ ላይ ሀብቱን አፍስሶ በ1894 ከሰረ። ከዚያ ጉድጓድ ያወጣው ወዳጁ ሄንሪ ሮጀርስ የታወቀው የስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ቱጃር ነበር። ይህንንም አልደብቅም፤ ኋላ የኃያላንን ስግብግብነት ያወገዘው ሰው ከኃያላን ማዕድ የበላ ሰው ነው።

ዕዳውን ለመክፈል በስድሳ ዓመት ዕድሜው ዓለምን በመዞር ንግግር እያደረገ ገንዘብ ለመሰብሰብ ተነሳ። በ1895 እና በ1896 አውስትራሊያን፣ ኒውዚላንድን፣ ሕንድንና ደቡብ አፍሪካን አየ። በቦምቤይ አንድ ሆቴል ውስጥ አንድ ጀርመናዊ ሕንዳዊውን አገልጋይ በጥፊ ሲመታውና አገልጋዩ አንገቱን ደፍቶ ሲቀበለው ተመለከተ። ወዲያው በሃሳቡ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ በልጅነቱ በብረት ድንጋይ ሲሞት ያየው ባሪያ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ቅኝ አገዛዝና ባርነት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው የተገለጠለት በዚያች ጥፊ ይመስለኛል። ከጉዞው ሲመለስ ልጁ ሱዚ ሞተችበት። ዕዳውን ግን በ1898 ከፍሎ ጨረሰ።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ስፔይንን ወጋች። ምክንያቱ ኩባን ከስፔይን ጭቆና ነጻ ማውጣት ነው ተባለ። ቪየና ተቀምጦ ይከታተል የነበረው ማርክ ትዌይን አመነ፤ ደገፈም። ለሌላው ሕዝብ ነጻነት መዋጋት የተከበረ ነገር ነው ብሎ አሰበ። ማን ይፈርድበታል? እኛስ የነጻነት ስም ሲጠራ ስንት ጊዜ አጨብጭበናል?

በታኅሣሥ 1898 የተፈረመው የፓሪስ ውል ግን ገመናውን ገለጠው። አሜሪካ ለስፔይን 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ የፊሊፒን ደሴቶችን ወሰደች። በአጊናልዶ መሪነት ስፔይንን ሲዋጉ የነበሩትና ነጻነታቸውን ያወጁት ፊሊፒናውያን እንደ ዕቃ ከአንዱ ገዥ ወደ ሌላው ተላለፉ። እምቢ ሲሉ በየካቲት 1899 ጦርነት ተከፈተባቸው። ከ4,200 በላይ የአሜሪካ ወታደሮችና ከ20,000 በላይ የፊሊፒን ተዋጊዎች አለቁ። በረሃብ፣ በበሽታና በግፍ ያለቀው ሲቪል እስከ 200,000 ይገመታል። ምርኮኛን አጋድሞ ውኃ በኃይል እያጋቱ መመርመር የተለመደ ሆነ። በሳማር ደሴት ጄኔራል ጄኮብ ስሚዝ ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት በላይ የሆኑትንና መሣሪያ መያዝ የሚችሉትን ሁሉ እንዲገድሉ የበታቾቹን አዘዘ፤ በ1902 ለፍርድ ቀርቦ ተግሣጽ ብቻ ተሰጠውና በጡረታ ተሰናበተ። ይህ ሁሉ ሲሆን በዋሽንግተን የሚነገረው ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ክርስቲያናዊ በጎነትና ስለ ነጻነት ነበር።

ማርክ ትዌይን የፓሪሱን ውል አነበበ፤ አንብቦም ተለወጠ። በጥቅምት 1900 ኒውዮርክ ወደብ ላይ ሲወርድ ለጋዜጠኞች ቀደም ሲል የአገሩን መስፋፋት ይደግፍ እንደነበር፣ አሁን ግን እንደተሳሳተ የተረዳ ፀረ ኢምፔሪያሊስት መሆኑን በግልጽ ተናገረ። ወገኖቼ፣ ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በስድሳ አራት ዓመት ዕድሜ፣ በዝና ጣሪያ ላይ ሆኖ፣ በሕዝብ ፊት ተሳስቼ ነበር ማለት ስንቱ ይችላል?

በአደባባይ የወጣ ቁጣ

ከሁለት ወር በኋላ በታኅሣሥ 1900፣ ከቦር ጦርነት የተመለሰውንና ገና ሃያ ስድስት ዓመት የሆነውን ዊንስተን ቸርችልን በኒውዮርክ ለታዳሚ እንዲያስተዋውቅ ተጋበዘ። እንዲህ ባለ ግብዣ እንግዳን ማሞገስ ነው ደንቡ። እሱ ግን እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ፣ አሜሪካ በፊሊፒን ያደረጉት ኃጢአት አንድ መሆኑንና ሁለቱ አገሮች በዚህም ዝምድናቸው መጽናቱን እያዋዛ ተናገረ። አዳራሹ የሳቀው እየመረረው ይመስለኛል።

በየካቲት 1901 ኖርዝ አሜሪካን ሪቪው በተባለው መጽሔት በጨለማ ስለተቀመጠው ሰው ያወጣው ጽሑፍ ደግሞ ቦምብ ነበር። የቻይናውን የቦክሰር አመፅ ተከትሎ ከድሃ ገበሬ ካሣ የሰበሰቡ ሚሲዮናውያንን፣ የጀርመኑን ንጉሥ፣ የሩሲያውን ዛር፣ የእንግሊዙን ሚኒስትርና የራሱን ፕሬዝዳንት ማኪንሊን አንድ ላይ አሰልፎ ገረፋቸው። የክሱ ፍሬ ነገር ሥልጣኔ የሚባለው ዕቃ መስኮት ላይ የሚታየው ሌላ፣ ማሸጊያው ሲፈታ የሚገኘው ሌላ ነው የሚል ነበር። ሚሲዮናውያኑ ይቅርታ እንዲጠይቅ ጮኹ፤ አልጠየቀም። ከሃዲ ያሉት ጋዜጦች ነበሩ። ዝም እንዲል የመከሩት የልብ ወዳጆችም ነበሩት። እሱ ግን ለፀረ ኢምፔሪያሊስት ሊግ ስሙን ሰጠ፤ ከ1901 ጀምሮ እስኪሞት ድረስም ከምክትል ፕሬዝዳንቶቹ አንዱ ነበር። በ1902 አጊናልዶን በተንኮል የማረከውን ጄኔራል ፈንስተንን፣ በ1905 ደግሞ በኮንጎ ሕዝብ ደም የከበረውን የቤልጅጉን ንጉሥ ሊዮፖልድን በብዕሩ አጋለጠ።

በዚያው በ1905 ስለ ጦርነትና ጸሎት አንዲት አጭር ታሪክ ጽፎ ለአንድ የሴቶች መጽሔት ሰጠ። ወታደሮች ሊዘምቱ ሲሉ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ለድል ይጸልያል፤ አንድ እንግዳ ሽማግሌ ይገባና በዚያ ጸሎት ውስጥ ሳይነገር የተለመነውን፣ ማለትም የሌላው ወገን ሕፃናት እንዲራቡና ሚስቶች መበለት እንዲሆኑ የተለመነውን ያስረዳቸዋል። መጽሔቱ አልቀበልም አለ። ማርክ ትዌይን አልተሟገተም። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠ። እውነቱን ሁሉ በነጻነት መናገር የሚችለው የሞተ ሰው ብቻ ነው የሚል እምነት እያደረበት ነበር። ታሪኩ በመጽሐፍ የወጣው እሱ ከተቀበረ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በ1923 ነው።

ቡድ ዳጆ

አሁን ወደ ሱሉ ሙስሊሞች ልውሰዳችሁ። በፊሊፒን ደቡብ ያሉት፣ ስፔይኖች ሞሮ የሚል ስም የሰጧቸው ሙስሊሞች፣ ስፔይን ለሦስት መቶ ዓመት ሞክራ አንበርክካ ያልገዛቻቸው ናቸው። አሜሪካ በሰሜን ጦርነት ላይ ሳለች ሁለተኛ ግንባር እንዲከፈትባት አልፈለገችም። ስለዚህ በነሐሴ 1899 ጄኔራል ቤትስ ከሱሉው ሱልጣን ጀማሉል ኪራም ጋር ውል ተፈራረመ፤ በሃይማኖታቸውና በልማዳቸው ጣልቃ ላይገባ ቃል ተገባ። በዚያው ዓመት በኢስታንቡል የነበረው የአሜሪካ ልዑክ ኦስካር ስትራውስ፣ ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ የሱሉ ሙስሊሞች አሜሪካንን እንዳይወጉ እንዲመክሯቸው ለምኖ እንዳስፈጸመ በማስታወሻው ጽፏል። ከሊፋው ሳይቀሩ ለማረጋጊያ ተፈለጉ ማለት ነው! የሰሜኑ ጦርነት በ1902 አበቃ ተብሎ ታወጀ። ውሉ ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል? በመጋቢት 1904 አሜሪካ ብቻዋን ሰረዘችው።

የራስ ግብር ተጣለ፤ ጦርም ተላከ። አንገዛም ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው በጆሎ ደሴት ቡድ ዳጆ በሚባለው ተራራ አናት ላይ፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ሰፈሩ። በመጋቢት 1906 መጀመሪያ በአገረ ገዥው ጄኔራል ሊዮናርድ ውድ ሥር ያለው ጦር ተራራውን ከበበ። መድፍ በገመድ እየጎተቱ ወደ ላይ አወጡና ቁልቁል ወደ ጉድጓዱ ተኮሱ። ሲያበቃ ከ600 በላይ ሰው ረግፎ ነበር፤ ከ800 እስከ 1,000 የሚያደርሱትም አሉ። ሴቶችና ሕፃናት በውስጡ ናቸው። ከነፍስ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከአሜሪካኖቹ የሞቱት ሃያ ያህል ናቸው። ወታደሮቹ ሬሳ በተሞላው ምሽግ አናት ላይ ቆመው የተነሱት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ለጄኔራሉ የላኩት ቴሌግራም የደስታ መግለጫ ነበር።

ማርክ ትዌይን ያኔ የሕይወት ታሪኩን ለጸሐፊ እየነገረ ያስጽፍ ነበር። ወሬው እንደደረሰው በዚያው ሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ ስለዚህ ተናገረ። አንድም ቁስለኛ ያልተረፈበት ድል፣ ሕፃን ሳይቀር እንደ ጠላት የተቆጠረበት ጀግንነት፣ ምቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንኳን ደስ ያላችሁ የሚል ፕሬዝዳንት፣ መጀመሪያ በትልቅ ርዕስ ጮኸው ኋላ ዝም ያሉ ጋዜጦች፣ አንዱም አልቀረውም። በዚያች ዘመን ለእነዚያ ሙስሊሞች እንዲህ የተቃጠለ የአሜሪካ ብዕር ብዙ አላውቅም። በወጣትነቱ በዐረቡ ድህነት ሲያላግጥ የነበረው ሰው በሰባ ዓመቱ ስሙን ለማያውቀው የሞሮ ሕፃን ተቆጣ።

ግን አላሳተመውም። ገና ለረጅም ዘመን እንዳይታተም ካዘዘው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አኖረው። ስሙ ብቻ ጋዜጣ የሚያሸጥ፣ ፕሬዝዳንት የሚያስደነግጥ ሰው፣ ሬሳው ሳይበሰብስ ሊናገር ሲችል ለመሳቢያ ተናገረ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1910 ሞተ። ሙሉው የሕይወት ታሪኩ መውጣት የጀመረው በ2010 ነው። በጆሎ ግን ሌላ ተራራ ሌላ ሬሳ ለማየት ያን ያህል አልጠበቀም፤ በሰኔ 1913 በቡድ ባግሳክ ተመሳሳዩ ተደገመ።

የኔ መሳቢያ

እፈርድበት ዘንድ እጄን ሳነሳ የራሴ ጉዳይ ይይዘኛል። በእኛ አቆጣጠር 1982 ዓ.ም ነበር። የደርግ ጦርነት ወጣቱን እየበላ፣ አፈሳው ከየመንገዱ ልጆችን እየለቀመ ነበር። የጎረቤታችን የአንዲት እናት ልጅ ላምባ ሊገዛ እንደወጣ ታፈሰ። ወር ሳይሞላ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ፤ ጦርነቱን የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። እኔ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝ፤ ልጆች አሉኝ። እጄን አወጣሁ። እኚያ እናት ከፊት ለፊቴ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው አዩኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። በኩራዝ ብርሃን አራት ገጽ ጻፍኩ። ስለ እናቶች፣ ስለ ካድሬዎች ልጆች በግንባር አለመታየት፣ ሰላም እያሉ ስለሚዋጉ መሪዎች የምችለውን ሁሉ ጻፍኩ። ከዚያም ቆለፍኩበት። ደርግ በ1983 ዓ.ም ወደቀ። ልጁ አልተመለሰም። ነገሩ ሲረጋጋ ወረቀቱን አውጥቼ ለወዳጆቼ አነበብኩ፤ አመሰገኑኝ። ልቤ ሞላና ለእኚያ እናትም ላነብላቸው ሄድኩ። አዳመጡኝ። መቼ እንደጻፍኩት ብቻ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም፤ ተነስተው ቡና ቀዱልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማርክ ትዌይንን ታሪክ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ አብሮ ተከሳሽ ነው የማነበው። ከኔ ይበልጣል፤ ብዙውን በአደባባይ ተናግሯል፣ ስድቡንም ተቀብሏል። መንግሥቱን በወደደበት ልብ መንግሥቱን ተቆጥቷል። ያደገበትን ጥላቻ አንድ በአንድ አውልቆ ጥሏል። ለዚህ ምስጋናውን እንስጠው፤ ሐቅ ከማንም አፍ ትውጣ ሐቅ ነችና። ያስቀረው ግን ያስቆጨኛል፤ ምክንያቱም በተለይ ያን ጊዜ የተጨፈጨፈው ድምፅ የሌለው ነበር።

በበዳይ ገዥ ፊት ሐቅን መናገር ያለውን ታላቅ ደረጃ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስተማሩን ሁላችንም እናውቃለን። በየኹጥባውም እንሰማዋለን። ልብ የማንለው፣ ትምህርቱ ገዥው ከሞተ ወይም ከወደቀ በኋላ ስለሚነገረው ሐቅ አለመሆኑን ነው። ዛሬ በየሻይ ቤቱ ቁጣ ሞልቷል። በየቤቱም የተቆለፈ መሳቢያ አይጠፋም። የወገናችን ልጅ ሲሞት ጮኸን፣ የሌላው ሲሞት ወረቀታችንን አጣጥፈን ከሆነ፣ የምናወግዛቸው ፖለቲከኞች ከኛ የሚለዩት በሥልጣን ብቻ ነው። እኚያ እናት የጠየቁኝ ጥያቄ እኔን እንደጠበቀኝ እያንዳንዳችንን ይጠብቃል፤ ምን ጻፍክ ሳይሆን መቼ ጻፍክ የሚል ነው።

አላህ ሐቅን በጊዜዋ ከሚናገሩት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።